የሁለታችን ጉንፋን

ከአንደኛው አፍንጫችሁ ብቻ፣ በተለይ ጎንበስ ስትሉ፣ እንደ ውሃ የጠራ ነገር ጠብ የሚልባችሁ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ እዚሁ አቁማችሁ ሐኪማችሁ ጋ ደውሉ። ጽሑፉ የትም አይሄድም፤ ስትመለሱ ታነቡታላችሁ። እኔ የተጎዳሁት እንዲህ ብሎ የሚመክረኝ ሰው ስላልነበረ አይደለም። ማንም እንዳይመክረኝ አድርጌ ስለደበቅኩት ነው።

የምኖረው ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ያን ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ገና ታጣፊ ስልክ በያዘበት ዘመን፣ በአንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሽቶ እሸጥ ነበር። በዚህ አካባቢ ብርዱ ሲያልፍ መኪናው ሁሉ ቢጫ ብናኝ ይለብሳል፤ ፈረንጅ ሐበሻ ሳይባል ሁሉም ያነጥሳል፤ አፍንጫው የታፈነ ሰው ሁሉ «አለርጂ ነው» ብሎ ያልፋል። የግራ አፍንጫዬ ሲታፈን እኔም አለርጂ ነው አልኩ። ብናኙ ታጠበ፣ የሙቀቱ ወራት አለፈ፣ ቅጠሉ ረገፈ፤ የእኔ አለርጂ ግን ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ሁለት ሽቶ አንስታ «የትኛው ቀለል ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። የሽቶ መሞከሪያዋ ወረቀት ላይ ረጨሁና አሸተትኩ። ምንም። ሌላውንም አሸተትኩ። ውሃ የረጨሁ ያህል ነው። እንደምንም ከዱሮ ትዝታዬ ቃል አውጥቼ «ይሄኛው አበባ አበባ ይላል» አልኳት፤ አመስግናኝ ገዝታ ሄደች። የሸጥኩላት ምን እንደሚሸት ዛሬም አላውቅም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት በትዝታ ስሸጥ ከረምኩ።

ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም አይደለም። የመጀመሪያው ክሊኒክ የአለርጂ ክኒን ሰጠኝ። ሁለተኛው ሳይነስ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ አዘዘልኝ። ሦስተኛው የሚረጭ መድኃኒት ሰጥቶ «ትራሳችሁን ለውጡ» አለኝ፤ ብቻዬን እንደምኖር አልጠየቀኝም። ሦስቱም ፊቴን አይተው ነው የሸኙኝ፤ አፍንጫዬ ውስጥ ማንም አላየም። በመጨረሻ ከሽቶው መደርደሪያ ጀርባ አፍንጫዬ ደማ። ያኔ ነው የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት ዘንድ የተላክሁት። ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ ዶክተር ነበረች። ቀጭን ካሜራ ወደ ውስጥ አስገብታ አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብላ ማውራት ጀመረች።

አፍንጫዬ ውስጥ ሥጋ በቅሏል። ናሙናው ሲመረመር ካንሰር አልነበረም፤ ግን ዝም ከተባለ ወደዚያ ሊዞር የሚችል ዓይነት ነው ተባለ። ሥሩ ደግሞ ከላይ፣ አፍንጫን ከአንጎል የሚለየው አጥንት ላይ ተጣብቋል። «አጥንቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ነው» አለችኝ ዶክተሯ። ፊቴን ሳትቀድ በአፍንጫዬ በኩል ገብታ ልታወጣው ቀጠሮ ሰጠችኝ።

አሁን እትዬ ደብሪቱን ላስተዋውቃችሁ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። ወደዚህ አገር ያመጡኝ እሳቸው ናቸው። እዚህ ከእሳቸው ሌላ ዘመድ የለኝም፤ ከእኔ ሌላም የላቸውም። በየምሽቱ እንደዋወላለን። ጉንፋን ያዘኝ ካልኳቸው በሜትሮ ተሳፍረው፣ ባቡር ቀይረው፣ ከዚያም አውቶቡስ ይዘው ሾርባ በፔርሙስ ያመጡልኛል። ፔርሙሱን በነጠላ ስለሚጠቀልሉት አንድ ጊዜ ባቡር ውስጥ አንዲት ፈረንጅ «ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው?» ብላቸዋለች።

ለእኚህ ሴት ነው ያልነገርኳቸው። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንዲሁ አይነገርም። አባቱ አገር ቤት የሞተበት ሰው እዚህ ቅዳሜ እስኪደርስ ከእኛ ጋር ይስቃል፤ እኛ እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም። እህል ይቅመስ፣ ሥራውን ይጨርስ፣ ሽማግሌ ይሰብሰብ ይባላል። ለሰው ማሰብ ነው። እትዬ ደብሪቱ ደም ብዛት አለባቸው፤ አንድ ጊዜ በድንጋጤ ወድቀው ያውቃሉ። ከዳንኩ በኋላ እየሳቅኩ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ለጓደኞቼም አልተነፈስኩም፤ አሌክሳንድሪያ የተነገረ ወሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ ከተማውን የሚዞረው የቤልትዌይ መንገድ ትራፊክ አይዘውም። ለሥራ ቦታዬ ቫኬሽን ነኝ አልኩ።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነርሷ ልብሴን አስለብሳኝ «የሚወስድሽ ሰው የታል?» አለችኝ። ታክሲ እጠራለሁ አልኳት። ታክሲ አይሆንም፤ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው የሚያውቀው አዋቂ ሰው ካልተረከበው አይለቀቅም። አፍንጫዬ በጥጥ ታሽጓል፣ ከሥሩ እንደ ሪዝ ፋሻ ተለጥፎልኛል፣ በአፌ እየተነፈስኩ ተቀመጥኩ። በመጠበቂያው ክፍል ሌሎቹ ሁሉ በባል፣ በልጅ፣ በጓደኛ እየተያዙ ወጡ። ወንበሩ ባዶ እየሆነ ሲሄድ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ነርሷ ዞር ስትል ታክሲ ደወልኩ።

የመጣው ሾፌር ሐበሻ ሆነ። ወንድወሰን ይባላል፤ ፎልስ ቸርች በምትባለው ከተማ የሚኖር ሰው ነው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ጎልማሳ። ስሜን ሲጠራ ነርሷ ቀደመችና «ምኗ ነህ?» ብላ ጠየቀችው። አየኝ። እኔም አየሁት። በአማርኛ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ «ብራዘሯ ነኝ» አላት።

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ «እህቴ፣ ዋሸሁ እንዳትይ፤ በጌታ ወንድምሽ ነኝ» አለኝ። ከዚያ ማተቤን በመስታወት አየና «ያው አንቺ ባትቀበዪውም» ብሎ ሳቀ። ሬዲዮኑ ስብከት ላይ ነበር፤ ዝቅ አደረገው። ፋርማሲ ጋ አቁሞ መድኃኒቴን ይዞልኝ መጣ። በሩ ላይ አድርሶኝ ሊጸልይልኝ ፈቃድ ጠየቀኝ። ጸለየ፤ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ግን እሱ ሲጨርስ አሜን አልኩ። ቁጥሩን ሰጥቶኝ «ምንም ነገር ካለ ኮል አድርጊኝ፣ እንዳትፈሪ» ብሎ ሄደ።

ስለ ማገገም የጠየቀኝ ሰው ካለ ሕመሙ እንደሚቻል እነግረዋለሁ። ተቀምጦ መተኛት፣ በአፍ መተንፈስ፣ ምላስ እንደ ጫማ ሶል መድረቅ፣ በጨው ውሃ መታጠብ፤ ሁሉም ይለመዳል። ያልለመድኩት ረፋዱን ነው። የምኖርበት ሕንፃ ትልቅ ነው፤ ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ይወጣል፤ ሊፍቱ ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ አሁን ብወድቅ እስከ ማታ ማንም አያውቅም የሚለው ሐሳብ ይመጣብኛል። በሩን ሳልቆልፈው መዋል ጀመርኩ። ሌባ ከመጣም ይምጣ፣ ቢያንስ ያገኘኛል አልኩ።

ማታ ማታ እትዬ ደብሪቱ ይደውላሉ።

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ነው።»

«እኔንም ይዞኛል» አሉኝ። እውነትም ድምፃቸው ሻክሮ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «ዘንድሮ ክፉ ጉንፋን ነው የገባው።»

«ክፉ ነው፤ ዝንጅብል ይጠጡበት።»

«አንቺም ጠጪ።»

በዚህ ተለያየን። ሾርባ ይዤ ልምጣ አለማለታቸውን አላስተዋልኩም። እንዲያውም እፎይ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስልካችን ሁሉ አጭር ሆነ፤ አንዳችን የሌላችንን ጉንፋን ጠይቀን እንዘጋለን።

ዶክተሯ ስትሸኘኝ አጥብቃ ያስጠነቀቀችኝ ሦስት ነገር ነው፤ መናፈጥ የለም፣ ከባድ ማንሳት የለም፣ ማጎንበስ የለም። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ሕማማት ገባ፣ ስቅለት ደረሰ። እቤት ልቅር ብዬ አስቤ ነበር። ግን እኔ በስቅለት ቀርቼ አላውቅም፤ ከቀረሁ ከቀትር በፊት ሦስት ሰው ይደውልልኛል፣ ከሦስቱ አንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ትደውላለች። ስለዚህ ሄድኩ።

ለታመመ ሰው ስግደት ግዴታ አይደለም። ካህኑን ጠጋ ብሎ አሞኛል ማለት ብቻ ነው፤ ግድግዳ ተደግፈው የሚቆሙ አዛውንትም ነፍሰ ጡርም ሞልተዋል። እኔ ግን ያልታመመ ሰው ሆኜ ነው የመጣሁት። ትንሽ ቆሜ አየሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት ቀና ባለች ቁጥር «ምነው?» በሚል ዓይን ታየኛለች። ነጠላዬን አደገደግኩና ሰገድኩ። የመጀመሪያዎቹ ምንም አላሉኝም። እየቆየ ግንባሬ ከበደኝ፤ ከዚያ ምንጣፉ ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ። ሌላ ደገመ። ጉሮሮዬ ጨው ጨው አለኝ። በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነው፤ እኔም እንባዬ ነው ብዬ ሰገድኩ። ማታ ካህኑ በቅጠል ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርገው የመጨረሻውን ስግደት ሲያዙኝ ያንንም አላስቀረሁም።

ቅዳሜ ቆሜ ስሄድ ራሴ ሊፈነዳ ይደርሳል፤ ስተኛ ይተወኛል። እህል ካፌ አልገባም፣ አክፍያለሁ፤ ስለዚህ ጾሙ ነው አልኩ። ለሁሉም ነገር መልስ አላጣም ነበር። የፋሲካ ዕለት በየዓመቱ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ነው የምፈስከው። ደወልኩና ሥራ አስገብተውኛል አልኳቸው። በሌላ ጊዜ ቢሆን «ስልኩን ለማናጀርሽ ስጪልኝ፣ እኔ ላናግረው» የሚሉ ሴት ናቸው። አሁን ግን በዚያ በሻከረ ድምፅ «ግድ የለም ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። በዓሉን ተኝቼ ዋልኩ። ከታችኛው ፎቅ የሰው ሳቅ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል ከግራ አፍንጫዬ ውሃው እንደ ቧንቧ ጠብ ጠብ ብሎ ጉልበቴን አራሰው። ያን ጊዜ እንባም ጉንፋንም ጾምም እንዳልሆነ ገባኝ። ክሊኒኩ ደወልኩ። ነርሷ ከየትኛው አፍንጫ እንደሆነ፣ ቀለም እንዳለው፣ ጨው ጨው እንደሚል ጠየቀችኝ። መለስኩላት። ከዚያ «አሁኑኑ ነይ፣ መኪና እንዳትነጂ» አለችኝ። ወንድወሰንን ደወልኩለት።

ዶክተሯ ካሜራውን አስገብታ ስታይ ብዙም አልቆየችም። የሚወርደው አንጎሌን ከብቦ የሚጠብቀው ፈሳሽ ነው። ያ ስስ አጥንት ኦፕራሲዮኑ ላይ ሳስቶ ነበር፤ ገና ሳይጠግን በጎነበስኩ ቁጥር ግፊቱ ቀደደው። ፈሳሹ የሚወጣበት ቀዳዳ ለጀርምም መግቢያ ነው። ከገባ ማጅራት ገትር ነው። ማጅራት ገትርን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ልጅ ሆኜ ከጎረቤታችን አንዲት ልጅ በአንድ ሳምንት ወስዷታል። ያን ዕለት አልጋ ያዝኩ፤ ቀዳዳው እስኪደፈን ድረስ ሕይወቴ በጀርሙና በዶክተሯ እሽቅድምድም ላይ ነበር።

ወንድወሰን አልጋው አጠገብ ቆሞ «የሚጠራ ዘመድ የለሽም?» አለኝ።

«አክስት አሉኝ።»

«ታዲያ?»

«እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።»

ኮፍያውን በእጁ አዞረው። «እህቴ፣ ብትሞቺ መደንገጣቸው ይቀራል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ኤርፖርት የሚጠብቀው ተሳፋሪ ስለነበረ እየተጣደፈ ወጣ።

እንደገና በአፍንጫዬ ገብተው፣ ከጭኔ ትንሽ የጡንቻ ሽፋን ወስደው ቀዳዳውን ደፈኑት። መያዙን ለማወቅ መጠበቅ ነበረብኝ። ጭንቅላቴን ከፍ አድርጌ እተኛለሁ፤ ማሳል ክልክል፣ ማማጥ ክልክል፣ ካስነጠሰኝ አፌን ከፍቼ። ክንዴ መታጠፊያ ላይ በገባው መርፌ አንቲባዮቲኩ በማሽን ይንጠባጠባል። ከመጋረጃው ወዲያ የተኛችው ሴትዮ ቤተሰቧ በየቀኑ እየመጣ በስፓኒሽ ይንጫጫል፤ አንድ ቃል ባይገባኝም እነሱ ሲሄዱ እከፋለሁ። ፈራሁ። ሞትን ብቻ አይደለም የፈራሁት። ሞቼ እትዬ ደብሪቱ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙ፣ ያውም ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ እህል ከቀመሱ በኋላ ሲነገራቸው ታየኝ።

እንዲህ እያሰብኩም ቢሆን ማታ ሲደውሉ «ደኅና ነኝ» ነው ያልኩት። «ጉንፋኑስ?» «እየተሻለኝ ነው። የእርስዎስ?» «እኔም እየተሻለኝ ነው።» ይህን ስንባባል ማሽኑ መጮህ ጀመረ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አሉኝ።

«ማይክሮዌቭ ነው። ምግብ እያሞቅኩ ነው።»

ማሽኑ አላቆመም። ነርሷን ለመጥራት ቁልፉን ስፈልግ ድምፃቸው መጣ።

«ሂሩት፣ ስልኩን የያዝሽበትን እጅሽን ዘርጊው።»

«እ?»

«መርፌው እሱ እጅሽ ላይ ነው። ሲታጠፍ ነው የሚጮኸው። ስልኩን በሌላው ያዢና እሱን ዘርጊው።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ። እጄን ዘረጋሁ። ጩኸቱ ቆመ።

«ቆመ?»

«ቆመ። እትዬ፣ እርስዎ በምን አወቁ?»

«እኔም ሆስፒታል ሳለሁ ስልክ ስይዝ ነበራ የሚጮኸው። አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ በግራ እጄ መያዝ ለመድኩ።»

እንቅርት ነበረባቸው። ከነጠላቸው ሥር እያደገ መተንፈሻቸውን ሲጫን በጾሙ መሃል በኦፕራሲዮን ወጣላቸው፤ ከዚያ ካልሲየማቸው ወርዶ እጅና ከንፈራቸው ሲደነዝዝ መልሰው ሆስፒታል አስተኟቸው፤ ቤታቸው ከገቡ ገና ጥቂት ቀናቸው ነው። ያመላለሰቻቸው የሳልቫዶር ተወላጅ የሆነች ጎረቤታቸው ናት፤ በእጅ ምልክት ነው የሚግባቡት። ድምፃቸው የሻከረው የድምፅ ነርቫቸው ተነክቶ ነው። እኔ ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል ያዘዝኩላቸው ለዚህ ነው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብቻሽን ነሽ፤ እንዳትደነግጪ ብዬ ነዋ» አሉኝ። «አንቺስ?»

እንባዬ መጣ። «እትዬ፣ ማልቀስ ተከልክያለሁ» አልኳቸው።

«እኔም መጮህ ተከልክያለሁ። ባልከለከል ኖሮ አሳይሽ ነበር» አሉ፤ ከዚያ እሳቸው ለሁለታችንም አለቀሱ።

በማግስቱ ወንድወሰን ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ሄዶ አመጣቸው። በሩ ላይ ሳያቸው ከስተዋል፤ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል። አልጋዬ ላይ ተቀምጠው ነጠላውን ፈቱና ጠባሳውን አሳዩኝ። እኔ የማሳየው ነገር አልነበረኝም፤ የእኔ ሁሉ ውስጥ ነው። የጠባሳውን ዳር በጣቴ ነካሁት። ለረጅም ጊዜ ማንንም አልነካሁም ነበር።

ጥገናው ያዘ። የምወጣ ቀን ነርሷ «የሚወስድሽ ማን ነው?» ስትል እትዬ ደብሪቱ ቀደም ብለው፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ፣ «ማዘሯ ነኝ» አሏት። ወንድወሰን ከኋላቸው ቦርሳዬን ይዞ ቆሟል። ነርሷ «ቤተሰብ ደስ ሲል!» አለች። ማናችንም አላረምናትም።

ማሽተት በከፊል ተመልሶልኛል። መጀመሪያ የሸተተኝ የአውቶቡስ ጭስ ነው፤ ፌርማታው ላይ ቆሜ በደስታ ሁለት አውቶቡስ አሳለፍኩ። የእትዬ ደብሪቱ ድምፅ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። የድሮውን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሰማሁት አላስታውስም፤ ምናልባት ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ቶሎ የዘጋሁባቸው ቀን ይሆናል። ይህ ከሕመሙ ሁሉ በላይ ይቆጨኛል። ለማትረፍ ብላችሁ የምትደብቁት ሰው እሱም እናንተን ለማትረፍ እየደበቀ ይሆናል፤ ጠይቁት፣ ንገሩትም።

ዛሬም እኔ አሌክሳንድሪያ፣ እሳቸው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሁለታችንም ብቻችንን ነን። ረፋዱ ዛሬም ይረዝማል። ማታ ማታ እንደዋወላለን። እንዴት ዋልሽ ሲሉኝ አንዳንድ ቀን ቶሎ ብዬ «ደኅና ነኝ» እላለሁ። ያን ጊዜ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው «እጅሽን ዘርጊ» ይሉኛል። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛውሬ እውነቱን መናገር እጀምራለሁ።